ላሜራውን አንሳው

«ሌባ እንዳያይብኝ ነው» ይላል ባለ ቪላው፣ የጌጥ ብረት አጥሩን ከጀርባ በላሜራ እያስለበጠ።

ሌባ እንዳያይህ ብለህ ከጋረድከው ጎረቤትህ በምን ይይህ? ሌባው አንዴ ዘሎ ከወረደ ላሜራው የሚሰውረው እሱን ነው እንጂ አንተን አይደለም። ሳይቸኩል መስኮትህን ይፈለቅቃል፤ ቴሌቪዥንህን በገዛ አንሶላህ ይጠቀልላል። መንገደኛው በአጥሩ ሥር እያለፈ የሚያየው ቀለም የተቀባ ብረት ብቻ ነው። በማግሥቱ ሰፈሩ ተሰብስቦ «ኧረ እኛ ምንም አላየንም!» ሲልህ ትቀየማለህ። ምን ያስቀይምሃል? እንዳያዩህ ከፍለህ አሠራህ፤ አላዩህም።

እኛ ሰፈር፣ ብስራተ ገብርኤል፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ታጠፍና አንዱ ግቢ ጋ ቆም በል። ከታች ከጉልበት ከፍ የሚል የድንጋይ ግንብ አለ። ከላዩ ጥቁር ብረት፤ ብረቱ ተጠማዝዞ ይወጣና ቅጠል ያበቅላል፣ መሐል ላይ አበባ ይይዛል፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ቀለም የነካው ጦር ይቆማል። እጅ ያረፈበት ሥራ ነው፤ ስታየው ደስ ይልሃል። ከዚያ ወደ ግቢው ልታይ ስትል ከእግር እስከ ራስ ላሜራ ይገጥምሃል። ቅጠሉም አበባውም ላሜራው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ብርሃን በመሐሉ ካላለፈ የተጠመዘዘ ብረት ምን ውበት አለው? የጌጥ ብረት ግማሽ ሥራው ብረቱ ነው፣ ግማሹ በብረቶቹ መሐል ያለው ክፍተት ነው። ሰውየው ለሁለቱም ከፍሎ አንዱን ደፈነው።

እትዬ ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ አመጡ፦ «ልጄ፣ ገመናስ? መንገደኛ ሁሉ ምሳዬን ይቁጠርልኝ?»

«እትዬ፣ ምሳዎን የት ነው የሚበሉት?»

«ቤት ውስጥ ነዋ!»

«ታዲያ ቤቱ ግድግዳ የለውም?»

ሳቁ። ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ልብስ የሚሰጣበት፣ በርበሬ የሚደለዝበት፣ የቤቱ ሰው ነጠላውን ጥሎ የሚቀመጥበት ቦታ መከለል አለበት። እሱ ቦታ ጓሮ ነው። ጓሮውን በግንብ ዝጉት፤ የሚቀየማችሁ የለም። መኪና የሚቆምበትና ጽጌረዳ የተተከለበት የፊት ለፊቱ ቦታ ግን ከማን ነው የሚደበቀው? እዚያም መጋረጃ ካላገኘሁ የሚል ሰው ጽድ ይትከል፣ ቡጋንቪላ ይትከል። ብቻ ከብረቱ ክንድ ያህል ያርቀው፤ ቅጠል ብረቱን ከተደገፈ የክረምቱን ውሃ ይዞ ያድራል፣ ዝገት ማለት ያኔ ነው። ተክል ቢጋርድም ጥላ ያሳልፋል፤ ከኋላው ሰው ሲንቀሳቀስ ያስታውቃል። እትዬን የምመክራቸው ይህን ነው፣ ለእናቴም የምለው ይህንኑ ነው።

«ተከራዬ ፈረንጅ ነው፤ ካልታጠረ አይገባም» የሚለው መልስ እኛ ሰፈር ክብደት አለው። ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅት ሠራተኞች የሚከራዩበት ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለሠራተኞቹ መኖሪያ የራሱ የጥበቃ መመዘኛ እንዳለውም አውቃለሁ። እሺ፤ መመዘኛው ያዘዘውን ለእሱ ቤት አሠራለት። አንተ ከልጆችህ ጋር የምትኖርበትን ቤት እንደ ኤምባሲ ያሳጠረህ ግን ማነው? ላልመጣ ተከራይ ብለህ የራስህን ልጅ ከሰፈሩ ልጅ ለየኸው።

«ይሄ የሚያሳይ አጥር የኮሪደር ፋሽን ነው፤ ያልፋል» ያለኝም አለ።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 የካቲት ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ግንብና ቆርቆሮ ተነሥቶ ዝቅ ባለ፣ በሚያሳይ ብረት ተተክቷል። ቤቱ ፈርሶበት ከዕድሩና ከማኅበሩ የተነቀለ ሰው ሕመም ያመኛል፤ አጥር ስለወደድኩ መፈናቀልን ወደድኩ የሚለኝ ካለ አልተግባባንም። ስለ አጥሩ ብቻ ግን እውነቱን እናውራ። ስንት ዓመት በጎኑ ስንመላለስ ከነበረው ግንብ ኋላ ይሄ ሁሉ ዛፍ እንዳለ ማን ያውቅ ነበር? የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ እንኳ መስከረም 29 ቀን 2012 አንድነት ፓርክ ሆኖ ሲከፈት ሕዝቡ ቲኬት ቆርጦ ገባ። ያ ሁሉ ትውልድ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ሲገምት የኖረውን ግቢ በዓይኑ አየው። ቤተ መንግሥት የታየበት ከተማ ውስጥ ያንተ በረንዳ ምን ምሥጢር አለው?

ፋሽን ነው ላልከው ደግሞ፣ ክርክሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ለንደን የሚገኘውን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን፣ እ.ኤ.አ. በ1710ዎቹ ሕንፃውን ዙሪያውን የሚከብ ረጅም የብረት አጥር ሲተከል ተቃውሟል። አጥሩ ከፍ ብሎ ሕንፃውን ይጋርዳል ባይ ነበር። ልብ በል፣ ያ አጥር ዘንግ በዘንግ ቆሞ መሐሉ የሚያሳይ ነበር! ሰውየው ዘንጉ ከበዛበት፣ አንተ በዘንጉ ላይ ላሜራ ጨምረህ ስታበቃ ምን ታየልኝ ትላለህ?

አሁን ወደ ጦሩ እንምጣ።

«ጦሩ ለውበት ነው» ትላለህ። ለውበት ከሆነ ድቡልቡል ይሁን፣ ቅጠል ይሁን፣ እምቡጥ ይሁን። ጦር ለመውጋት ነው የተሠራው። ማንን ሊወጋልህ? ሌባ ጆንያ ደርቦ ያልፈዋል፤ ሥራው ነውና ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሳይዘጋጅ የሚመጣው ኳሱ ግቢህ የገባበት የአሥር ዓመት ልጅ ነው። በሩን ይመታል፤ ዘበኛው አይከፍትለትም። ኳሷ ደግሞ የጋራ ናት፣ ሌሎቹ ይጠብቁታል። ይወጣል። እግሩ ሲያዳልጠው የሚቀበለው ያንተ ውበት ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ዘንጎቹ ከላይኛው አግዳሚ ብረት ጋር እኩል ይለቁ፤ ጫፍ ካማረህ ጫፉ ክብ ይሁን። የተከልከውም ካለ በያጁን ጥራና አስቆርጠው፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።

«ክፍተቱ ሰፋ ቢል ብረት ይቆጥባል» የሚለውም የልጅ ጠላት ነው፣ ባያውቀውም። የሕፃን ገላ በሚያልፍበት ክፍተት ጭንቅላቱ ላያልፍ ይችላል፤ ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ ሲቀር ምን እንደሚሆን ልነግርህ አልፈልግም። በዘንግና በዘንግ መሐል ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ጥምዙንም መሐል ላይ አትደርድረው፤ ለሚወጣ እግር መርገጫ ይሆናል። ወደ ላይኛው ሢሶ ይውጣ፣ ከታች ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ይቅር። እንዲያውም ከሩቅ የሚታየው ላይኛው ነው፤ ታችኛውን ሣሩና ግንቡ ይበሉታል።

«ጌታው፣ እንደሱ ከሆነ ውድ ነው» ይልሃል ደግሞ ኪስህን የሚያውቅ።

ውድ የሚያደርገው ጥምዝ ማብዛቱ ነው። ስስ ቱቦላሬ ገዝተህ ከላይ እስከ ታች አበባ ከምታስረጭበት፣ ድፍን ብረት ገዝተህ አበባውን ለበሩ ብቻ አድርገው። ብረት ስትገዛም በዓይን አትግዛ፣ ሚዛን ላይ አውጣው። ጎኑ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ድፍን ብረት፣ 6 ሜትሩ 6.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4.7 ኪሎ ከሆነ የያዝከው ባለ 10 ነው። «ያው ነው ጋሼ፣ ለዓይን አይለይም» ቢልህ፣ «ለዓይን ካልለየ ለዋጋም አይለይማ፤ በባለ 10 ዋጋ ስጠኝ» በለው። ወዲያው ይለይለታል።

የቱቦላሬ ነገር ሌላም አለው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ጫፉ ካልተደፈነ የክረምት ውሃ ይገባበትና ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ከዕለታት አንድ ቀን ልጅህ ደገፍ ሲል ተቀንጥሶ እጁ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ዝናቡን ከሰኔ እስከ መስከረም ጠቅልላ የምትሰጥ ከተማ ናት፤ በዚያ ወቅት ብረት ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ጫፍ ጫፉን አስደፍን። ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ እንዲያገኝም ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይተውለት።

«በየዓመቱ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ምን ያስጨንቃል?» አትበለኝ። ቀለም ዝገት ላይ አይይዝም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ብየዳው እንዳለቀ መጋጠሚያው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፎ በሽቦ ብሩሽ የማይፈትግ በያጅ ከሆነ፣ ቀለሙ ክረምቱ ሳይወጣ እየቆመ ይላጣል። ቅርፊቱ ይነሣ፣ ይፈተግ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙ። ይህ ሁሉ ብረቱ ገና መሬት ላይ እንደተኛ፣ አራቱም ጎኑ እጅ ሲያስገባ ነው መሆን ያለበት። ከተተከለ በኋላ ከጀርባው ማን ይገባል? ላሜራ ካስለበጥክማ ጭራሽ ብሩሽ የሚደርስበት መንገድ የለም። በብረቱና በላሜራው መሐል ያለችው ጠባብ ቦታ ውሃና አቧራ ይዛ ትከርማለች፤ የአጥርህ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሌባውን ስትፈራ ብረቱን ለውሃ ሰጠኸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው።

ብረቱ ግንቡ ውስጥ የሚገባበት ሥሩም አለ። እዚያ ጎድጎድ ብሎ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ሌላው ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ሲሚንቶው በብረቱ ዙሪያ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይንሸራተት። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተህ እየው፤ ብረቱ ሥር ከቆመ ግንበኛው ሒሳቡን ሳይቀበል ያስተካክለው።

«በያጅ ሁሉ ሌባ ነው፤ ቀብድ በልቶ ይጠፋል።»

ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። ቀብድ በልቶ የሚጠፋ አለ፤ ሥራ አሠርቶ ሒሳብ የሚከለክል ባለ ቪላም አለ። ስለሱ ግን ተረት አልወጣም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ እኛ ዛሬም ብረት ያሳመረልንን ሰው ስሙን ሳንጠይቅ «ያ በያጅ» ብለን እናልፋለን።

አንድ ቀን ሥራው ላይ ተገኝተህ እየው። የሲሚንቶ ወለሉ ላይ በጠመኔ የጥምዙን ልክ ይሥላል። ብረቱን ፎርማው ላይ ያጠልቅና በሙሉ ገላው ተጭኖ ያጥፈዋል፤ አውጥቶ ጠመኔው ላይ ያስተኛዋል፤ ጣት የምታህል ስታልፍ መልሶ ያስገባዋል። የመጀመሪያው ጥምዝ እንዲያ ተገላብጦ ነው የሚወለደው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይመስላል፤ ሠላሳኛውና የመጀመሪያው ተደራርበው ቢቀመጡ አይለዩም። ይህን የሚችል ሰው አርቲስት ነው፣ ያለ አንዳች ማጋነን። ቀብዱን ሰጥተህ ቀሪውን በየደረጃው ለመክፈል ተስማማ፣ በወረቀት አስፍሩት፣ የብረቱን ውፍረትና የዘንጉን ክፍተት ጻፉበት። ወረቀት ካለ ሁለታችሁም አትሰዳደቡም።

ዓይኑንም እይለት። ጎኑ ሆኖ ብረት የሚይዝለት ልጅ የፀሐይ መነጽር አድርጎ፣ እሱም ሳይኖረው ሲቀር ፊቱን አዙሮ ነው የሚያሲዘው። «ለምዶታል» ትለኛለህ። ዓይን ጨረር አይለምድም። ቀን ያየው ብርሃን ማታ ይነሣበታል፤ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል እንባውን እያፈሰሰ ሳይተኛ ያድራል። ቁጥር 10 ወይም 11 ጥቁር መስታወት ያለው የብየዳ መከላከያ ለዋናው በያጅም ለረዳቱም ያስፈልጋል፤ አንተ ካስለበጥከው ከአንዲት ቅጠል ላሜራ ዋጋ ጋር አስተያየውና ገዝተህ ስጣቸው። ዚንክ የተለበጠ ብረት የሚበየድ ከሆነም ሥራው ሜዳ ላይ፣ ንፋስ ባለበት ይሁን። «ወተት ይጠጣበታል» የሚለውን ተወው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው።

«መብራት የመጣው ማታ ነው፤ ታዲያ መቼ ይበየድ?» ለሚለኝ ደግሞ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህም መብራቱ የመጣለት ማታ ነው፣ እንጀራውን ሊጋግር። ብየዳህ ሲነካው የቤቱ አምፑል ይርገበገባል፤ ሕፃኑ በግራይንደሩ ጩኸት ይባንናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለይዞታ በጭስም በድምፅም ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ሕጉን ሳትጠቅስ ግን መንገዱ ቀላል ነው፤ የብየዳ ቤቱ ውስጥ ተሠርቶ ይለቅ፣ ግቢህ መጥቶ መገጣጠም ብቻ ይቅር፣ እሱም ቅዳሜ ቀን ይሁን። ጎረቤትህንም ቀደም ብለህ ንገረው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብለን ያደግን ሰዎች አይደለንም?

የይዞታ መስመሩ ደግሞ አለ። «ግማሽ ሜትር ብቻ ነው የወጣሁት» የሚል ባለ አጥር ሰፈራችን ውስጥ አይጠፋም። ያቺ ግማሽ ሜትር የማን ነበረች? የታኅሣሥና የሐምሌ 19 ለት የገብርኤል ንግሥ ሲሆን ምዕመኑ ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ ይወርዳል፤ ምርኩዝ የያዘች እናት በጠበበው በኩል ስትደርስ ወደ መኪናው መንገድ ትወርዳለች። እሷን ነው ያጠርካት። የሕንፃ ሕጉ ግንባታ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። መሠረቱን ከመቆፈርህ በፊት ወረዳ ሂድና የይዞታህን ልክ አስለካ፤ ብረቱ ካማረ በኋላ ፍረስ ቢሉህ በጣም ያምሃል፣ ለእኔም ያሳዝነኛል።

በሩን በተመለከተ ደግሞ ሰሞኑን አንድ ጋሼ ጠየቁኝ፤ አጥራቸው አልቆ በሩ ብቻ ቀርቷቸዋል። ላሜራ አላስለበጡም፣ ጦርም የለበትም፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለው የሎሚ ዛፍ ከመንገድ ይታያል።

«ወደ ውጭ ቢከፈት ይሻለኛል፤ ግቢዬ ጠባብ ነው፣ መኪናዋን ይነካብኛል።»

«ጋሼ፣ ወደ ውጭ ከተከፈተ የሚነካው ሰው ነው። ዓይነ ስውር ያልፋል፣ ተማሪ ያልፋል።»

«ታዲያ የት ልክፈተው?»

«ወደ ጎን፤ ተንሸራታች ይሁን። ሐዲዱ ከግቢው ውስጥ ይዘርጋ፣ መጨረሻው ላይ ማቆሚያ ይበየድበት፣ በሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ሰው ላይ እንዳይወድቅ።»

«ሐዲዱ ዋጋው ከፍ ይላል እኮ።»

«ከመኪናዎ ቀለም ነው ወይስ ከተማሪው ግንባር?»

ስልካቸውን አውጥተው በያጁ ጋ ደወሉ።